ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ፦ ምንም ያልጠበቅንበት አልበም እንዴት አፋችንን አስያዘን?

የዛሬው ረዘም ያለ ነው፤ ሻይ ቡናችሁን ያዙና ቁጭ በሉ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእውነቱ እንጀምር፦ አልበሙን የሰማነው ልናጠፋው ነበር።

ነገሩ 2018 ላይ ነው። ሜታል የሚወድ አንድ ጓደኛችን በቴሌግራም 14 ዘፈን በአንዴ ላከልን። «ጁዳስ ፕሪስት፣ አዲስ» ይላል። የመጀመሪያ ጥያቄያችን «እንዴ! እነዚህ ሰዎች ገና አሉ?» የሚል ነበር። የድሮ ዘፈኖቻቸውን እናውቃለን፣ እንወዳቸዋለንም። አዲስ አልበም ግን? ድምፃዊው 66 ዓመቱ ነው፤ አንዱ ጊታሪስት 70 ሞልቶታል። የኛ ስልክ ደግሞ ሚሞሪው ጢም ብሎ «ቦታ የለም» እያለ የሚያሰቃየን ጊዜ ነበር። ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው፦ አንዴ እንሰማለን፣ ለጓደኛችን «አሪፍ ነው» ብለን እንመልሳለን፣ ከዚያ እናጠፋለን።

ያን ሳምንት ከስልካችን የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ጌም፣ አንድ ፊልም፣ ምናምን። አልበሙ እስከዛሬ አለ።

አልበሙ «ፋየርፓወር» ይባላል። ዛሬ የምናወራው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ባንድ፣ ብዙ ሰው «አበቃላቸው» ባለበት ሰዓት፣ እንዴት እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ ቻለ የሚለውን ነው። ሜታል ሰምታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም አትለፉት። ነገሩ የጊታር ብቻ አይደለም፤ እጁ እየከዳው ሥራውን ስላልከዳ ሰውም ጭምር ነው።

መጀመሪያ፣ እነማን ናቸው?

ጁዳስ ፕሪስት የተመሠረተው በ1969 እንግሊዝ ውስጥ፣ በርሚንግሃም አጠገብ ባለችው ዌስት ብሮሚች ነው። አካባቢው የብረት ማቅለጫና የፋብሪካ አገር ነበር። ድምፃዊው ሮብ ሃልፎርድ ያደገው እዚያው አቅራቢያ ዎልሶል ውስጥ ነው፤ ልጅ ሳለ በብረት ማቅለጫዎቹ ጭስና ድምፅ መሃል እያለፈ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ጊታሪስቱ ግሌን ቲፕተን ደግሞ ሙዚቃን ሥራዬ ብሎ ከመያዙ በፊት ብሪቲሽ ስቲል በተባለው ትልቅ የብረት ድርጅት ተቀጥሮ ሠርቷል። በ1980 ያወጡት ዝነኛ አልበማቸው ስሙ ምን መሰላችሁ? «ብሪቲሽ ስቲል»። «ሄቪ ሜታል» ሲተረጎም «ከባድ ብረት» ነው፤ ለነዚህ ልጆች ግን ብረት የሙዚቃ ስም ከመሆኑ በፊት የሰፈራቸው ሽታ ነበር።

ያን አልበም ሲቀዱ ዛሬ ስልካችን ላይ በነፃ የምናወርደው ዓይነት ድምፅ ማስመሰያ አልነበራቸውም። የብረት ፍጡራን ሲራመዱ የሚሰማ ድምፅ ሲፈልጉ ማንኪያና ሹካ የሞላበት ትሪ አንቀጠቀጡ። መስታወት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ሲፈልጉ የወተት ጠርሙስ ሰበሩ። በቃ እንደዚህ ነው የተሠራው።

ለሜታል ያበረከቱት ነገር ብዙ ነው፤ ሁለቱን ብቻ እንንገራችሁ። አንደኛው ሁለት ሊድ ጊታር ነው። በብዙ ባንድ አንዱ ጊታሪስት ዋና፣ ሌላው አጃቢ ነው። ጁዳስ ፕሪስት ላይ ግን ግሌን ቲፕተንና ኬ.ኬ. ዳውኒንግ እኩል ናቸው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፣ ደግሞ አንዳንዴ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ሁለተኛው አለባበሱ ነው። ዛሬ «ሜታል» ሲባል በዓይነ ሕሊናችሁ የሚመጣው ጥቁር ቆዳ ልብስና ባለ ብረት ቀበቶ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እነሱ መድረክ ላይ ያስለመዱት ነው። ሃልፎርድማ መድረክ ላይ በሞተር ሳይክል ነው የሚገባው!

«ቆይ፣ ስሙስ? ይሁዳ ምናምን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስሙ የመጣው አሜሪካዊው ቦብ ዲለን በ1967 ካወጣው አንድ ዘፈን ርዕስ ላይ ነው። ዲለን ሜታል ዘፋኝ አይደለም፤ ጊታሩንና ሃርሞኒካውን ይዞ ታሪክ የሚያወራ ሰው ነው። እና ስሙ ላይ ከምትፈሩት ነገር ምንም የለም።

ታዲያ ለምን ምንም አልጠበቅንም?

የድሮ ባንድ አዲስ አልበም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይታወቃል። ሰው ኮንሰርት የሚሄደው የድሮውን ለመስማት ነው። ባንዱ «አሁን ደግሞ ከአዲሱ አልበማችን…» ሲል ግማሹ ሕዝብ መጠጥ ሊገዛ ይነሳል። ባንዶቹም ይህን ያውቁታል። ስለዚህ አዲሱ አልበም የኮንሰርት ትኬት መሸጫ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል።

ጁዳስ ፕሪስት ላይ ደግሞ የተጨመረ ችግር ነበረ። ታሪኩን በአጭሩ፦

በ1990 «ፔይንኪለር» የሚባል ኃይለኛ አልበም አወጡ። በ1992 ሃልፎርድ ባንዱን ለቆ ወጣ። በሱ ቦታ የገባው ቲም «ሪፐር» ኦውንስ፣ አሜሪካ ውስጥ የጁዳስ ፕሪስትን ዘፈኖች በሚጫወት ባንድ ውስጥ ይዘፍን የነበረ አድናቂ ነው። አስቡት፣ የምትወዱት ባንድ ደውሎ «ና ዝፈንልን» ሲላችሁ! በ2001 የወጣው «ሮክ ስታር» የሚለው የሆሊውድ ፊልም መነሻ ሐሳቡን ያገኘው ከዚህ ታሪክ ነው። በሱ ድምፅ ሁለት የስቱዲዮ አልበም ተሠራ፤ የድሮው አድናቂ ግን ልቡ ሃልፎርድ ጋ ነበር።

ሃልፎርድ በ2003 ተመለሰ፤ በ2005 አንድ ጥሩ አልበም መጣ። በ2008 ግን ስለ ኖስትራዳመስ ከመቶ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ሁለት ሲዲ ሙሉ አልበም ሠሩ። ለድፍረታቸው ክብር አለን፤ ደግመን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድንሰማው ግን አትለምኑን። በ2010 መጨረሻ «የመሰናበቻ ዓለም አቀፍ ጉዟችን ነው» ብለው አወጁ። ጉዞው ሳይጀመር በ2011 ዳውኒንግ ለቀቀ። ከነዚያ ሁለት ጊታሮች አንዱ ሄደ ማለት ነው። በሱ ቦታ የ31 ዓመቱ ሪቺ ፎክነር ገባ።

ከዚያ በ2014 «ሪዲመር ኦፍ ሶልስ» መጣ። ዘፈኖቹ መጥፎ አይደሉም፤ ብዙ አድናቂ ያማረረው አቀራረፁን ነው። ድምፁ የታፈነ ነው፣ ጊታሩ አይቆርጥም። ጥሩ ወጥ ተሠርቶ በቀዘቀዘ ምጣድ እንደ መብላት።

በቃ፣ በ2018 የኛ ግምት ይሄ ነበር፦ ከዚህ የሚሻል አይመጣም።

25 ቀን ሲቀረው የመጣው ዜና

አልበሙ የሚወጣው ማርች 9 ቀን ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ባንዱ መግለጫ አወጣ፦ ግሌን ቲፕተን ፓርኪንሰን አለበት፣ ከእንግዲህ ሙሉ ጉዞ አይችልም። ከሁሉ የገረመን ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በሽታው ከተነገረው አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። ማለትም ያን ሁሉ ኮንሰርት፣ ያንን የመሰናበቻ ጉዞ፣ የ2014ቱን አልበም፣ ሁሉንም የተጫወተው ከበሽታው ጋር ነው።

ፓርኪንሰን ምንድን ነው? አእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሴሎች አሉ። ዶፓሚን ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ እንቅስቃሴያችን ልስልስ ያለና የታዘዘ እንዲሆን ማድረግ ነው። ፓርኪንሰን እነዚህን ሴሎች ቀስ በቀስ ያጠፋቸዋል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ እንቅስቃሴ ይዘገያል። ምልክቱን የሚያስታግሥ መድኃኒት አለ፤ በሽታውን ከሥሩ የሚያጠፋ ግን እስካሁን የለም።

ይህ ለማንም ከባድ ነው። ለሜታል ጊታሪስት ደግሞ አስቡት። ግራ እጁ ክሮቹን እየቀያየረ ይጫናል፣ ቀኝ እጁ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመታል፤ ሁለቱ በፀጉር ታህል እንኳ ከተለያዩ ይሰማል። በሽታው የሚነጥቀው ፍጥነትን፣ ልስላሴንና የሁለት እጅን ስምምነት ነው። የቲፕተን ሥራ ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ዜናው እንደወጣ ሌላ ነገርም ተነሳ። «ታዲያ አልበሙ ላይ የተጫወተው ማነው?» የሚል ሐሜት። ባንዱ ተናድዶ በይፋ መልስ ሰጠ፦ የቲፕተን የሆነውን የተጫወተው ራሱ ቲፕተን ነው። እኛም ይህን ካነበብን በኋላ አልበሙን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትነው። ከዚያ በኋላ አሰማማችን አንድ ዓይነት አልሆነም።

ስቱዲዮ ውስጥ ምን ተለወጠ?

«ፋየርፓወር» በዕድል የመጣ አይመስለንም። ከ2014ቱ ጋር ጎን ለጎን ስታዩት ሦስት የተለወጡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ፕሮዲዩሰሩ። ፕሮዲዩሰር ማለት ቀረጻውን የሚመራው ሰው ነው፤ «ይህ ይቁረጥ፣ ይህ ይደገም፣ ይህ ድምፅ ወደ ፊት ይምጣ» የሚል። ባንዱ በዚህ ጊዜ ሁለት ሰው ጠራ። አንዱ ቶም አሎም ነው። ከ1979 እስከ 1988 የባንዱን ታላላቅ አልበሞች የመራው እሱ ነው፤ ማንኪያና ሹካው ሲንቀጠቀጥም እዚያው ነበር። ከዚያ በፊት የብላክ ሳባትን የመጀመሪያ አልበሞች በድምፅ ባለሙያነት ሠርቷል። ከጁዳስ ፕሪስት ጋር የመጨረሻውን የስቱዲዮ አልበም ከሠራ 30 ዓመት ሆኖት ነበር። ሌላው አንዲ ስኒፕ ነው፤ ባንዱ በተመሠረተበት ዓመት አካባቢ የተወለደ፣ እነሱን እየሰማ ያደገ፣ ራሱም ጊታሪስት የሆነ፣ የዘመኑን የሜታል ድምፅ አበጥሮ የሚያውቅ። የቆየ ሌላ የሜታል ባንድ፣ የጀርመኑ አክሴፕት፣ በ2010 በአዲስ ጉልበት ሲመለስ አልበሙን የሠራው ስኒፕ ነበር።

ይሄ አመራረጥ ብልህነት ነው። አሮጌውን ብቻ ቢጠሩ የ1980ዎቹ ቅጂ ይወጣ ነበር። አዲሱን ብቻ ቢጠሩ ደግሞ ሽማግሌ በልጅ ጂንስ ይሆን ነበር። ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀመጧቸው፤ አንዱ «ባንዱ ምን እንደነበረ» ያውቃል፣ ሌላው «ዛሬ በኢርፎን እንዴት መሰማት እንዳለበት» ያውቃል።

ሁለተኛ፣ አቀራረፁ። ዛሬ ብዙ ሙዚቃ የሚቀዳው ተራ በተራ ነው። ድራሙ ዛሬ፣ ቤዙ ነገ፣ ጊታሩ ከሳምንት በኋላ፤ ሙዚቀኞቹ ላይገናኙም ይችላሉ። የባንዱ አባላት በቃለ መጠይቅ እንደተናገሩት ግን በዚህ አልበም እንደ ድሮው አንድ ላይ ቆመው እየተጫወቱ ነው የሠሩት። ልዩነቱ ምንድን ነው? ድራመሩ ስኮት ትራቪስ ትንሽ ሲገፋ የኢያን ሂል ቤዝ አብሮት ይገፋል፤ ጊታሩ ይሰማዋል፣ ይከተላል። ይህን ኮምፒዩተር ላይ በኋላ መጨመር አይቻልም። በቡና ሰዓት የተወራ ወሬና በቮይስ የተላላኩት ወሬ አንድ እንዳልሆነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ልክን ማወቅ። አልበሙ 14 ዘፈን ነው፣ 58 ደቂቃ ገደማ። ስድስት ደቂቃ የሞላ ዘፈን አንድም የለም። አንዱማ ሦስት ደቂቃም አይሞላም። ከአሥር ዓመት በፊት ከመቶ ደቂቃ በላይ የጫኑብን ሰዎች፣ በዚህኛው የሚሉትን ብለው ዘወር ይላሉ።

ስንሰማውስ?

የመጀመሪያው ዘፈን የአልበሙን ስም የያዘው ነው። ማሟሟቂያ የለውም፤ በቀጥታ ጊታሩ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ቃል እናስረዳ፦ ሪፍ። ሪፍ ማለት ዘፈኑ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ አጭር የጊታር ዜማ ነው። በኛ ዘፈን አዝማቹን ድምፃዊው እንደሚመልሰው፣ ሜታል ላይ ጊታሩ ራሱ አዝማች አለው። ጥሩ ሪፍ ያለው ዘፈን ቃላቱ ባይገባችሁ እንኳ ታክሲ ውስጥ ጉልበታችሁን በጣታችሁ ያስመታችኋል። ይህ አልበም ደግሞ በሪፍ የተጠቀጠቀ ነው።

ቀጥሎ «ላይትኒንግ ስትራይክ» ይመጣል፤ ከአልበሙ ቀድሞ በጃንዋሪ የለቀቁት እሱን ነው። አራተኛው «ኔቨር ዘ ሂሮስ» ቀዝቀዝ ይላል። የሚያወራው ስለ ወታደሮች ነው፤ ጀግና ልሁን ብለው ሳይሆን ሂዱ ስለተባሉ ስለሄዱ ሰዎች። ይህን ለኛ አገር አንባቢ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

መሃል ላይ «ጋርዲያንስ» የሚባል አንድ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ቃል የሌለው ሙዚቃ አለ፤ ፒያኖ የሚመራው ነው። ሳይቆም «ራይዚንግ ፍሮም ሩይንስ» ወደሚለው ይገባል፤ ትርጉሙ «ከፍርስራሽ መነሳት» ነው። እኛ መጀመሪያ ፀጉራችን የቆመው እዚህ ጋ ነው። እባካችሁ ሁለቱን ለያይታችሁ አትስሙ፤ ሼፍል አጥፉ።

የመጨረሻው «ሲ ኦፍ ሬድ» ደግሞ በለስላሳ ጊታር ይጀምራል፤ ስለወደቁ ወታደሮች ነው። አልበሙ በጩኸት ጀምሮ በኀዘን ያልቃል።

የሃልፎርድን ድምፅስ? የ1990ው ሃልፎርድ ጣሪያ የሚቀድ ጩኸት ነበረው። በ66 ዓመቱ ያንኑ ልድገመው ብሎ ቢነሳ ያሳፍር ነበር። እሱ ግን አብዛኛውን ዘፈን የዘፈነው በመካከለኛው ድምፁ ነው፤ ከበድ፣ ሻከር ባለው። ከፍተኛውን ድምፅ አስቀምጦ አስቀምጦ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ብቻ ያወጣዋል። ስለዚህ ሲመጣ ትደነግጣላችሁ። ያለውን የሚያውቅ ሰው አወጣጡ ያምራል።

ፎክነርንም አንርሳው። ከቲፕተን በ32 ዓመት ያንሳል። አንዱ ሶሎ ሲጨርስ ሌላው ሲቀበል ስትሰሙ የአባትና ልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ አንዱ አንዱን ሊበልጥ አይሮጥም።

እንከን የለውም? አለው። 14 ዘፈን ለኛ ይበዛል፤ 11 ቢሆን የበለጠ ይገድል ነበር። «ፍሌም ትሮወር» ሲመጣ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። የአንዳንዱ ዘፈን ግጥምም የተለመደው የሜታል ጋጋታ ነው፤ እሳት፣ ክፋት፣ ጥላ። «እስከዛሬ ከሠሩት ሁሉ ይበልጣል» የሚሉ አድናቂዎችም አሉ፤ እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም። «ብሪቲሽ ስቲል» ያለበት ቤት ውስጥ እንዲህ መባል የለበትም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አልበሙ አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ሳምንት 5ኛ ሆኖ ገባ፤ ወደ 49 ሺህ ገደማ ቅጂ። ለባንዱ በታሪኩ ከፍተኛው የአሜሪካ ደረጃ ነው። በአገራቸው እንግሊዝም 5ኛ ሆነ፤ ከ1980ው «ብሪቲሽ ስቲል» በኋላ እዚያ የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። 38 ዓመት!

ግን ተጠንቀቁ፤ ደረጃና ሽያጭ አንድ አይደሉም። በ1982 ያወጡት «ስክሪሚንግ ፎር ቬንጀንስ» አሜሪካ ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል፤ ደረጃው ግን ከ17ኛ አላለፈም። ያኔ ሁሉም ሰው አልበም ይገዛ ነበርና ፉክክሩ ከባድ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው በኢንተርኔት ስለሚሰማ፣ ሲዲና ሸክላ የሚገዛ ታማኝ አድናቂ ያለው የቆየ ባንድ በመጀመሪያው ሳምንት ከፍ ማለት ይችላል። ከ49 ሺሁም ከሞላ ጎደል ሁሉም በትክክል የተገዛ አልበም ነው። ስለዚህ 5ኛ መሆኑ «ከ1982 ይልቅ ዝነኛ ሆኑ» ማለት አይደለም። «የድሮው አድናቂ ዛሬም ኪሱ ገብቶ ብር ያወጣላቸዋል» ማለት ነው። ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያስ?

አልበሙ በወጣ በአራተኛው ቀን ጉዞው ተጀመረ። የቲፕተንን ቦታ መድረክ ላይ የያዘው ፕሮዲዩሰሩ አንዲ ስኒፕ ነው። ቲፕተን ግን ቤቱ አልቀረም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ፣ ኒው ጀርሲ ኒውአርክ ውስጥ፣ ኮንሰርቱ ሊያልቅ ሲል ጊታሩን ይዞ ብቅ አለ። የተጫወተው ፈጣኖቹን አይደለም፤ እጁ የሚችላቸውን ጥቂት የድሮ ዘፈኖች ነው። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ሕዝቡ የሚጮኸው ለሶሎው አይደለም።

በስሙ የፓርኪንሰን ፋውንዴሽንም ተቋቋመ። በሌሎችም ኮንሰርቶች በሚችልበት ቀን መጨረሻ ላይ እየወጣ ተጫውቷል። በ2022 ባንዱ በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲከበር፣ በ2011 የለቀቀው ዳውኒንግ መጥቶ ከቲፕተን ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመ። እነዚያ ሁለት ጊታሮች ከብዙ ዓመት በኋላ ጎን ለጎን።

በመሃል ደግሞ ወጣቱ ራሱ ሊያመልጣቸው ነበር። በ2021 ሴፕቴምበር አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ «ፔይንኪለር»ን እየተጫወቱ ሳለ የፎክነር ትልቁ የደም ሥር ተቀደደ። ዘፈኑን ጨርሶ ነው ወደ ሆስፒታል የሄደው። አሥር ሰዓት ገደማ የፈጀ የልብ ቀዶ ሕክምና አዳነው። ያኔ 41 ዓመቱ ነበር። ዕድሜ ዋስትና አይደለም ማለት እንዲህ ነው።

እና በ2024 ማርች ሌላ አልበም አወጡ፤ «ኢንቪንሲብል ሺልድ»። እንግሊዝ ውስጥ 2ኛ ሆነ፤ በአገራቸው እስከዛ ካገኙት ደረጃ ሁሉ ከፍተኛው። ቲፕተን አሁንም ስሙ አለበት። «ፋየርፓወር» ስንብት አልነበረም ማለት ነው። እኛ ነን ስንብት ያደረግነው።

እና ምን እንላለን?

ይህን አልበም ስናስብ ሁሌ የሚመጣብን ያ የመጀመሪያ ጥያቄያችን ነው፤ «ገና አሉ?» ያልነው። ምንም ሳንሰማ ፈረድን። የፈረድነው ደግሞ በዕድሜያቸው ብቻ ነው። ሰዎቹ ግን ሥራ ላይ ነበሩ፤ የጎደለባቸውን አውቀው፣ የሚሞላ ሰው ጠርተው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው። ወጣት ለመምሰል አልሞከሩም። አንደኛው ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅለት ከገዛ እጁ ጋር እየታገለ ነበር። እና ያ ሰው የቀረጸውን «አንዴ ሰምተን እናጥፋው» ብለን ነበር እኛ።

መስማት ለምትፈልጉ፣ ፓኬጅ እንዳይበላባችሁ በሦስት ጀምሩ፦

1. «ፋየርፓወር»፤ ጉልበቱን ለመቅመስ።
2. «ጋርዲያንስ» እና «ራይዚንግ ፍሮም ሩይንስ»፤ እንደ አንድ ቁጠሩት፣ ሳትቆርጡ።
3. «ሲ ኦፍ ሬድ»፤ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ቢሆን ይመረጣል። እሱ መቼም አያስቸግርም።

ኢርፎን አድርጉ፤ በስልኩ ስፒከር ግማሹ ነገር አይሰማም። ድምፁን ግን በልኩ፣ ጆሯችሁን እንፈልገዋለን።

እናንተስ? «አበቃለት» ብላችሁት ከጠበቃችሁት በላይ ሆኖ የተመለሰ ሙዚቀኛ አለ? የኛም አገር ቢሆን፣ የውጭም ቢሆን፣ ጻፉልን። ጥሩ ጥሩውን ሰብስበን እንመለስበታለን። ሰላም ሁኑ።